ኮንትራት ለእህት፣ ባሕር ለወንድም፦ የኢትዮጵያ የፍልሰት ፖሊሲ የሚጣረስበት ቦታ

በጥር 2015 ዓ.ም በየክልሉ ያሉ የቀበሌና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሄድ የሚፈልጉ ሴቶችን መመዝገብ ጀመሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ የታሰበው ቁጥር 500,000 ነበር። ከዚያ 10 ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ከሳዑዲ ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው፣ ከማቆያ የወጡ ሰዎችን የጫኑ አውሮፕላኖች ቦሌ ማረፍ ጀምረው ነበር። በሐረርጌና በአፋር መንገዶች ላይ ያሉ ኬላዎችም ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ የሚጓዙ ወጣቶችን ከጭነት መኪና እያወረዱ ወደመጡበት መመለሳቸውን አላቋረጡም። አንዱ መሥሪያ ቤት ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይይዛል። የሦስቱም መድረሻ አንድ አገር ነው።

መንግሥት ይህን ሲያስረዳ የሚያቀርበው ክርክር በውጭ ሲታይ አሳማኝ ነው፤ ሕጋዊው መንገድ ሲሰፋ ሕገ ወጡ ይጠባል ይላል። ክርክሩ እውነት የሚሆነው ግን በሁለቱም መንገድ የሚሄደው ሰው አንድ ከሆነ ብቻ ነው። አይደለም። ፖሊሲው የሚሰነጠቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወቅሰው የአፈጻጸም ድክመት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ማን በየት ይሄዳል

በኮንትራት የሚሄዱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሥራውም የቤት ሥራ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ራሱ ጾታ አይለይም። የባሕረ ሰላጤው አሠሪ በኤጀንሲ በኩል ከኢትዮጵያ የሚጠይቀው ግን የቤት ሠራተኛ ነው፣ በ2009 ዓ.ም ከሳዑዲ ጋር የተፈረመው የሠራተኛ ስምምነትም በዚሁ ዙሪያ የተዋቀረ ነው። በጅቡቲ ወይም በሶማሊያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን በእግር አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት የሚሞክረው ሰው ግን በአብዛኛው ወንድ ነው። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከትግራይ የሚነሣ ወጣት ነው። ሲደርስ የሚሠራው የእርሻ፣ የከብት ጥበቃ፣ የግንባታና የዘበኝነት ሥራ ነው። ሥራው አለ፣ አሠሪውም ይቀጥረዋል፤ ወደዚያ ሥራ የሚወስድ ኮንትራት ግን የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ 500,000 ሴቶች በአውሮፕላን ቢሄዱ እንኳ ባቲ ወይም ጨለንቆ ያለው ወንድ ልጅ አማራጭ አላገኘም። ያገኘው ነገር ቢኖር ሳዑዲ ያለች እህት ናት፤ የመንገዱን ገንዘብ ልትልክለት የምትችል እህት። ሕጋዊው መንገድ ሕገ ወጡን ይተካል ሲባል በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያለው እውነታ አንዱ ሌላውን መደጎም ሊሆን ይችላል፤ በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ ግን ይህ ቦታ የለውም።

የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ቆጠራ እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ የመን የተሻገሩት 138,000 ያህል ነበሩ። ኮሮና መንገዱን ዘጋውና ቁጥሩ አሽቆለቆለ፤ በ2023 እንደገና ወደ 97,000 አሻቀበ፤ በ2024 ደግሞ ወደ 60,000 ገደማ ወረደ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የ2024 መቀነስ የፖሊሲ ድል ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል። የቁጥሩን ምክንያት ከታች እንመለስበታለን፤ ከሕጋዊው መንገድ መስፋት ጋር ያለው ዝምድና ግን እምብዛም ነው።

እገዳ ተሞክሮ ነበር

አሁን ያለው ፖሊሲ የተወለደው ከሁለት እገዳዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ዜጎቿ ለሥራ ወደ ሊባኖስ እንዳይሄዱ ከለከለች። ሴቶቹ በሌሎች አገሮች በኩል እየዞሩ መሄዳቸውን ቀጠሉ፤ እገዳው የቀየረው ነገር ቤይሩት ሲደርሱ ኤምባሲያቸው የማያውቃቸው፣ ውላቸውም አገራቸው ያላጸደቀው ሠራተኞች መሆናቸውን ነው። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣ አሠሪዎች ቤይሩት የሚገኘው ቆንስላ በር ላይ አውርደዋቸው የሄዱት ሴቶች ችግር አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው እገዳ ሰፊ ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማሳደድ ጀመረችና በአምስት ወር ገደማ ውስጥ 163,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ተመላሾቹ አገር ቤት የገቡት እንደገና የመሄጃው ሕጋዊ በር በተዘጋበት ሰዓት ነው። በርካቶቹ እንደገና ወጡ፤ በዚህኛው ዙር ግን በኤጀንሲ መሆኑ ቀርቶ በደላላ ሆነ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም ቆየ። በዚህ መሐል ሳዑዲ በ2009 ዓ.ም ሌላ የማስወጣት ዘመቻ ጀመረች፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2019 መጨረሻ ድረስ ከ300,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ለሥራ መሄድ ለዓመታት ተከልክሎ ከቆየ በኋላ ይህን ያህል ሰው ከዚያ መመለሱ ስለ እገዳው ውጤት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እገዳው ሲነሣ የተተካው በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ አዋጅ ነው። ሠራተኛዋ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች፤ ኤጀንሲው 1 ሚሊዮን ብር ካፒታል ማሳየትና 100,000 ዶላር በዝግ ሒሳብ ማስያዝ አለበት፤ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደሌለበት አገር መላክ አይቻልም። መጀመሪያ የ8ኛ ክፍል ትምህርትም ተጠይቆ ነበር፤ ብዙዎቹ ተጓዦች የገጠር ልጆች በመሆናቸው ይህ መስፈርት በ2013 ዓ.ም በወጣው ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1246) ላላ። መላላቱ ትክክል ነበር። መጀመሪያውኑ መስፈርቱ ያስቀረው መንገደኛን አልነበረም፤ ያስቀረው በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ መንገደኛን ነው።

የሕጋዊው መንገድ ዋጋ

ሕጋዊውን መንገድ ከደላላው ጋር ለማወዳደር እያንዳንዱን ደረጃ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ መታወቂያና የልደት ማስረጃ። ከዚያ ፓስፖርት። ከዚያ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ በአሻራ መመዝገብ። ቀጥሎ በቴክኒክና ሙያ ተቋም ሥልጠናና የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና፤ ከዚያ የጤና ምርመራ። ኤጀንሲው ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች መቅጠሪያ የኢንተርኔት መድረክ በኩል አሠሪ ሲያገኝላት ውሉ በሚኒስቴሩ ይጸድቃል፣ ኤምባሲ ቪዛ ይመታል፣ የቅድመ ጉዞ ገለጻ ትወስዳለች፣ ትበራለች።

በአዋጁ መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። የሠራተኛዋ ድርሻ ፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የብቃት ምዘና፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የመሳሰሉት ናቸው። በሳዑዲው ስምምነት የወር ደመወዟ 1,000 ሪያል ስለሆነ ሒሳቡ ያዋጣል ይመስላል። ችግሩ ሕጉ "ለሠራተኛዋ" ብሎ የተዋቸው ወጪዎች በሙሉ ከጉዞው በፊት፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ገና አንድ ሪያል ሳይገኝ የሚወጡ መሆናቸው ነው። ደላላ ግን በዱቤ ይወስዳል። "አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ" ይላል። ገንዘቡ በኋላ በምን ዓይነት ሥቃይ እንደሚሰበሰብ የሚታወቀው የመን ሲደረስ ነው።

በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያን ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ አደረገው፤ በአምስት ቀን ለሚፈልግ 20,000፣ በሁለት ቀን ለሚፈልግ 25,000 ብር ተተመነ። ገቢ ለማግኘትና ሰልፉን ለማሳጠር ተብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፓስፖርት የሕጋዊው መንገድ የመጀመሪያ በር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በሕጋዊ መንገድ ብቻ ሂዱ እያለ ዘመቻ ሲያካሂድ ሌላው የዚያኑ መንገድ መግቢያ ከእጥፍ በላይ አስወደደ። በቦቴ ሥር ተደብቆ ጋላፊን የሚያልፍ ሰው ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ ጭማሪው የነካው ሕጉን ሊያከብር የወሰነውን ነው።

መጓተቱ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። የጤና ምርመራ ውጤት የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ፓስፖርቱ ወይም የውሉ ማጽደቅ ከዘገየ የምርመራው ጊዜ ያልፍና እንደገና ይከፈልበታል። በልደት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ ያለው የአያት ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ ጉዳዩ ወደ ወረዳ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትኖር ልጅ ተጨማሪ መሳፈሪያ፣ ተጨማሪ ማደሪያ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ "ጉዳይ አስፈጻሚ" ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው የሕገ ወጡንም መንገድ የሚያውቅ ያው ደላላ ነው። ዕድሜን ከ16 ወደ 21 የሚያሳድግ መታወቂያም የሚገኘው በእርሱ በኩል ነው። ሁለቱ መንገዶች በፖሊሲ ሰነድ ላይ ተቃራኒዎች ይሁኑ እንጂ በወረዳ ከተማ ደረጃ የሚጀምሩት ከአንድ ሰው ነው።

ሕጋዊዋ ተጓዥ ሕገ ወጥ ስትሆን

ሳዑዲ ከደረሱ በኋላ ያለው ተቃርኖ ደግሞ ኢትዮጵያ ብቻዋን የፈጠረችው አይደለም፤ አውቃ የፈረመችው ግን ነው። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ ሕጋዊነት የሚንጠለጠለው በአሠሪዋ ላይ ነው። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም ተግባራዊ ያደረገችው የሥራ ማሻሻያ ሠራተኞች አሠሪ መቀየር እንዲችሉ ሲፈቅድ የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተም። ደመወዟ ተከልክሎ ወይም ተመትታ ከቤት የወጣች ሴት አሠሪዋ "ጠፋች" ብሎ ካስመዘገበ፣ እነርሱ ሁሩብ እንደሚሉት፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ዋጋ ያጣል። በቦሌ በሕጋዊ መንገድ የወጣችው ልጅ ጂዳ ላይ ሕገ ወጥ ነዋሪ ሆና ትያዛለች፤ ሹመይሲ ማቆያ ውስጥ በጂዛን በኩል በእግር ከገባው ወንድ ጋር በአንድ መዝገብ ትጻፋለች። ቦሌ ስትመለስ የምትቆጠረውም "ከስደት ተመላሽ" ተብላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ አቆጣጠሩን ማየት ይገባል። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይህችን ሴት ስትሄድ በውጭ አገር ሥራ ከተፈጠረላቸው ዜጎች መካከል ይቆጥራታል። ውጭ ጉዳይ ስትመለስ ከሥቃይ ከታደጋቸው ዜጎች መካከል ይቆጥራታል። ተበድራ እንደገና በጅቡቲ በኩል ብትሞክርና ድሬዳዋ አካባቢ ብትያዝ ደግሞ ፖሊስ ከሕገ ወጥ ዝውውር ካስጣላቸው ሰዎች መካከል ይቆጥራታል። አንዲት ሴት በሦስት ሪፖርት ሦስት ጊዜ ስኬት ሆነች። የእርሷን ጉዞ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ተከትሎ "ምን ሆነች?" ብሎ የሚጠይቅ መዝገብ የለም። ተቃርኖው ለዓመታት ሳይፈታ የሚቆየው፣ ቢያንስ በእኔ ግምት፣ ማንም መሥሪያ ቤት ስለማይጎዳበት ነው።

ላኪው ክንድ የሚያገኘው የውጭ ምንዛሪም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት እጥፍ ያህል ስለነበር ከዓረብ አገር የሚላከው ብዙ ገንዘብ ከባንክ ውጭ በሚሠራ ሀዋላ በኩል ይገባ ነበር። ሀዋላው ደግሞ የአሻጋሪው ገንዘብ የሚዘዋወርበት ቧንቧ ነው። ልዩነቱ በጠበበ መጠን ገንዘብ ወደ ባንክ ይመለሳል፤ ይህ በራሱ በደላላው ላይ ከብዙ ኬላ ይልቅ ጉዳት የሚያደርስ እርምጃ ነው፣ ሆኖም ለዚህ ዓላማ ተብሎ የተወሰደ አልነበረም።

ኬላ ሲጠብቅ መንገዱ ይረዝማል

ኢትዮጵያ ከስድስት አገሮች ጋር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር አላት። ከሶማሊያ ጋር ያለው ብቻ ከ1,600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህን በኬላ መዝጋት የሚያስብ የለም፤ በተግባር የሚደረገው በዋና መንገዶች ላይ መፈተሽ ነው። ፍተሻው ሰዎቹን ከመንገድ ያወርዳል እንጂ ከጉዞ አያስቀርም፤ በመኪና ይሄድ የነበረው ኬላው ሲቀርብ ወርዶ በአፋር በረሃ በእግር ይዞራል። ውኃ የሚያልቀውና ሰው የሚሞተው በዚህ ዙር ላይ ነው። አሻጋሪውም ለተጨመረው አደጋ ተጨማሪ ያስከፍላል። ጥብቅ ፍተሻ ዋጋውን ያስወድዳል፣ የተወደደ ዋጋ ደግሞ ዕዳውን ይከምራል፣ ዕዳ ያለበት ተመላሽ ከመጀመሪያው ይልቅ የመሄድ ግዴታ አለበት። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ወይም መሬት አከራይቶ ልኮት ከነበረ ቀየው ተመልሶ መቀመጥ አይችልም።

ባሕሩ ላይ የሆነው ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። ከጅቡቲ ኦቦክ ዳርቻ ተነሥቶ የመን ላህጅ መድረስ አጭሩ መንገድ ነው፤ የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በጠበበበት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የየመን ኃይሎች በላህጅ ዳርቻ በአሻጋሪዎች ላይ ሲዘምቱ እዚያ የሚያርፉት ሰዎች ቁጥር አሽቆለቆለ። ከላይ የጠቀስነው የ2024 መቀነስ ትልቁ ክፍል ከዚህ የመጣ ነው። አሻጋሪዎቹ ግን መርከባቸውን አልሸጡም። የተወሰነው ወደ ታይዝ ጠረፍ ዞረ፤ ሌላው ከሶማሊያ ቦሳሶ ወደ የመን ሻብዋ በሚወስደው መስመር ጠነከረ። ይህኛው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ባሕር ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም ከቦሳሶ 260 ሰው ጭና የተነሣች ጀልባ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ የየመን ዳርቻ አጠገብ ስትገለበጥ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ የመን ውስጥ አብያን አቅራቢያ የሰጠመችው ጀልባ ከ90 በላይ ሰዎችን ገደለች፤ ተሳፋሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ሰዎች በባሕር የሚሞቱት ጀልባ ስለሚሰበር ብቻም አይደለም። የጠረፍ ጠባቂ የፈራ አሻጋሪ ተሳፋሪዎችን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ውረዱ ይላል። በየካቲት 2013 ዓ.ም ከጅቡቲ ከተነሣች ጀልባ ላይ 80 ያህል ሰዎች ወደ ባሕር ተወርውረው ቢያንስ 20 ሞተዋል። መስከረም 2017 ዓ.ም ኦቦክ ዳርቻ የሞቱት ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ደግሞ አቅጣጫቸው ወደ ቤታቸው ነበር፤ ከየመን እየተመለሱ ነበር።

ከባሕሩ የተረፈው ሰሜን የመን ያለችውን ሰዓዳን አልፎ ሳዑዲ ድንበር ይደርሳል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በመሣሪያና በፈንጂ እንደገደሉ ጽፏል። ሳዑዲ አስተባብላለች። የኢትዮጵያ መንግሥት ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር ተናገረ፤ ሪፖርቱ ሁለቱን አገሮች እንዳያቃቅር የሚያሳስብ ቃልም ጨመረበት። ለምን እንዲህ ለዘበ? የ500,000ው ምዝገባ ከተጀመረ ገና ሰባት ወሩ ነበር። ሠራተኛ ላኪነት የድርድር አቅምን እንዴት እንደሚያለዝብ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሕጉ የሚይዘው ማንን ነው

አዋጅ ቁጥር 909/2007 በሰው በሚነግድ ላይ ከ15 እስከ 25 ዓመት እስራት ደንግጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም የተተካው አዋጅ ቁጥር 1178 መነሻ ቅጣቱን ከ7 እስከ 12 ዓመት አደረገው፤ ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ከሆነች ከ10 እስከ 20 ዓመት ነው። የቅጣቱ ልክ ብዙ ያነጋግራል፤ ዋናውን ለውጥ የሚያመጣው ግን ማን ይያዛል የሚለው ነው። በኬላ ላይ የሚያዘው ሾፌሩ፣ ረዳቱና መንገድ የሚመራው የአካባቢ ልጅ ነው። ዋናው አሻጋሪ ኬላ አይሻገርም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በሊቢያ በኒ ዋሊድ መጋዘን ሰዎችን እያሠቃየ ገንዘብ ያስከፍል የነበረው ኪዳነ ዘካርያስ ጉዳይ ነው። ሰውዬው የተያዘው በየካቲት 2012 ዓ.ም አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው፤ የለየው ደግሞ በእርሱ እጅ የነበረ አንድ ወጣት ነው እንጂ የድንበር ቁጥጥር አልነበረም። ከዓመት በኋላ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ በቀረበበት አመለጠ። በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበትና በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ድንበር ላይ ለሚቆሙ ፖሊሶች የሚወጣው ጉልበት ጥቂቱ እንኳ ለምስክር ጥበቃና ለተከሳሽ አጠባበቅ ቢውል ኖሮ ይህ ማምለጥ አይደርስም ነበር።

ገንዘቡ ደግሞ ዱካ አለው። የመን ራጎ ወይም ሊቢያ ያለው አጋች ልጁን እየደበደበ ስልክ ያስደውላል፤ ቤተሰብ ከዘመድ፣ ከዕድርና ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ለምኖ ያዋጣል፤ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ አገር ውስጥ ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ስም አለው፣ የከፈተው ሰው ፎቶ አለው፣ ከተለያየ ወረዳ በአጭር ቀናት የሚገቡ ተመሳሳይ ገቢዎች አሉት። ማንም ሰው በቀላሉ ሊያየው የሚችል ንድፍ ነው ባይባልም፣ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ግን አስቸጋሪ አይደለም። ቤተሰብ ለፖሊስ የማያመለክተው ልጁ እንዳይገደልበት ሲፈራ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው በአቤቱታ ሳይሆን በሒሳቡ መጀመር አለበት።

ሌሎቹ በሮች

በደቡብ ያለው መስመር ተመሳሳይ ክፍተት አለው። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት ወጣቶች ሞያሌን አልፈው ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን ወይም ዛምቢያን ያቋርጣሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር የታፈኑ 64 አስከሬኖች ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም ማላዊ ምዚምባ ውስጥ ከ25 በላይ፣ በታኅሣሥ ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ 27 ተገኙ። አዋጅ 923 ያለ ሁለትዮሽ ስምምነት መላክ ስለሚከለክል ለዚህ መስመር የሚሰጠው አንድም ሕጋዊ አማራጭ የለም። ስለዚህ ለሆሳዕና ወጣት "በሕጋዊ መንገድ ሂድ" የሚለው መልእክት ይዘት የለውም።

ወደ ውስጥ የሚገቡትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ታስተናግዳለች፤ በ2011 ዓ.ም ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት መብት የሚሰጥ፣ በአፍሪካ ከሚጠቀሱ ሕጎች አንዱ ነው። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ግን ኤርትራውያን በደረሱበት ወዲያው ስደተኛ ተብለው የሚመዘገቡበት አሠራር ቀረ። ያልተመዘገበ ሰው ካምፕ አይገባም፣ የሥራ ፈቃድ አያገኝም፣ ሲፈተሽ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የቀረለት መተማን አሻግሮ ወደ ሱዳንና ሊቢያ የሚወስደው ሰው ነው። መብቱ በአዋጅ ተሰጥቶ መዝገቡ ሲዘጋ ደንበኛ ያገኘው አሻጋሪው ሆነ።

አውሮፓም ከዚህ ነፃ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2008 ዓ.ም የቫሌታ ስምምነት ጀምሮ ፍልሰትን ለመግታት ለቀጣናው ገንዘብ ሲያወጣ ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ ተመላሾችን ለመቀበል በቂ ትብብር አላሳየችም በማለት በቪዛ ላይ ገደብ ጣለ። የውሳኔ መስጫው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ። ቅጣቱ የደረሰው ለስብሰባ፣ ለትምህርትና ለንግድ በአግባቡ ቪዛ በሚጠይቁ ሰዎች ላይ ነው። በሜዲትራኒያን የሚገባው ሰው የሸንገን ቪዛ አላመለከተም።

ምን ቢደረግ ይሻላል

ከሳዑዲ ጋር በሚደረገው ቀጣይ ድርድር ላይ መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ጥያቄ የኮታ ቁጥር አይደለም። መቅረብ ያለበት ለወንዶች የሚሆኑ የሥራ ዘርፎች ናቸው፤ የእርሻ፣ የእረኝነት፣ የግንባታ፣ የሹፌርነት። ጂዛን ውስጥ ይህን ሥራ አሁንም እየሠሩት ያሉት ኢትዮጵያውያን ስለሆኑ ፍላጎቱ የለም ሊባል አይችልም። የሁሩብ ጉዳይ ደግሞ በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ መግባት አለበት፤ አሠሪ ሠራተኛዋን "ጠፋች" ከማለቱ በፊት ኤምባሲው ቃሏን የሚቀበልበት ቀነ ገደብ፣ ደመወዝ መከፈሉን በባንክ ማስረጃ የማሳየት ግዴታ፣ በደል ከተረጋገጠ አሠሪ የመቀየር መብት። ለዚህ የሠራተኛ አታሼዎች ያስፈልጋሉ። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች ጥቂት ዲፕሎማቶች መመደብ ማለት ስልክ የማይነሳ ኤምባሲ ማለት ነው። የላኪነቱ ገቢ ለዚህ መመለስ አለበት።

አገር ውስጥ ደግሞ ለውጭ አገር ሥራ በሥርዓቱ ላይ ለተመዘገበች ሠራተኛ የፓስፖርት፣ የምርመራና የምዘና ክፍያ በብድር ተሸፍኖ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ደመወዝ ቢቆረጥ የደላላው "አሁን ሂድ፣ በኋላ ክፈል" የሚለው ብልጫ ይጠፋል። ባንኮች የውጭ ምንዛሪውን ለማግኘት ሲሉ ይህን ብድር ለመስጠት ፍላጎት ይኖራቸዋል። የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች መዝገብም በፋይዳ ቁጥር ቢገናኝ ከተመላሾች መካከል ስንቱ በኮንትራት ሄዶ እንደነበር፣ ከየትኛው ኤጀንሲ እንደተላከ፣ በስንት ወሩ እንደወጣ ማወቅ ይቻላል። ብዙ ሠራተኞቹ በሁሩብ የሚመለሱበት ኤጀንሲ ያስያዘው 100,000 ዶላር ለካሳ መዋል የሚጀምረውም ያኔ ነው፤ አዋጁ ይህን ዋስትና ያስቀመጠው ለዚሁ ነበር።